ያልሰመጠው ሸሚዝ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን እዚያው ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ዌልስ ውስጥ ከመንደራችን በላይ የጥንት መነኮሳት የሠሯት ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች። ከጎኗ ጠበል ይፈልቃል። ታላቅ እህቴ ኔስት የተዳረችበት ቤት ደግሞ ከጠበሉ አጥር ማዶ ነው።

ኔስት ትኩሳት ይዟት ከተኛች ሰንብታለች። ባሏ ኢድዋል ሐኪም ሊያመጣ ፈረሱን ጭኖ ወጥቷል። አማቷ ማብሊ ግን ሐኪም ምን ያውቃል፣ ጠበሉ ይንገረን ብላ እኔን አስከትላ መጣች።

እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሸሚዝ ውሃው ላይ ይጣላል። ከተንሳፈፈ ይድናል።

ከሰመጠ... ይሞታል።

ማብሊ የኔስትን ሸሚዝ ጣለችው።

ተንሳፈፈ።

ደስ ብሎኝ ላቅፋት ዞር አልኩ። ፊቷ ተቀያይሯል።

አጥሩ ላይ የተደገፈ በትር አነሳችና... ሸሚዙን ወደ ታች ተጫነችው።

ወዲያው በተከፈተው መስኮት የኔስት ሳል ተሰማ። ውሃ ትን ያለው ሰው ሳል።

በትሩን ስታነሳ ሸሚዙ ብቅ አለ። ሳሉም ቆመ።

ማብሊ ወደ መስኮቱ አየች። ገባት። ፈገግ አለች...

እንደገና ተጫነችው።

"እትዬ ማብሊ... ይተዉት" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"አይሰሙም?... እሷ እኮ ናት።"

"ሰምቻለሁ። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ አንድ ልጅ አልወለደችልንም። ልጄ ገና ወጣት ነው። ሌላ ያገባል።"

በትሩን ልነጥቃት ታገልኩ። በክርኗ ደረቴን ብላ ጣለችኝ። ስነሳ ሸሚዙ አይታይም... ከሥሩ ትናንሽ አረፋ ይወጣል።

ከዚያ አረፋውም ቀረ።

ሮጬ ገባሁ። አልጋው ደረቅ ነው። ፀጉሯም ደረቅ ነው። ቀና ሳደርጋት ግን ከአፏ የጠበሉ አረንጓዴ አልጌ ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ ፈሰሰ።

ኢድዋል ሲደርስ እናቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ ታለቅስ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሐዘኑ አሳብዶሻል አለኝ። ሐኪሙም የገደላት ትኩሳቱ ነው አለ።

በቀብሯ ማግስት ማብሊ ባልዲ ይዛ ወደ ጠበሉ ወረደች። ተከተልኳት።

ጎንበስ ስትል ውሃው ዝቅ አለ።

እጇን ዘረጋች... አሁንም ዝቅ አለ። በሆዷ ተኝታ እስከ ትከሻዋ ሰደደችው። ውሃው ከጣቶቿ ሥር እየሸሸ... እየሸሸ... ታቹ ጨለማ ሆነ። ልጆች ሆነን ቆመን የምንንቦጫረቅበት ጠበል ነው እኮ!

ባልዲው ከእጇ አመለጠ።

ሲያርፍ ለመስማት ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጠን...

እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።