የ«እርጥብ ካልሲ» አንድ ሕግ

አኒክ ወደዚያ ምድር ቤት የገባችው ዝናብ ለመጠለል ነበር። በፈረንሳይዋ ሬን ከተማ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጨክኖ ነው። ውስጥ ሁለት ወጣቶች ግድግዳ በሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ሙዚቃ ይለማመዳሉ። ጊታር የያዘው ቀና ብሎ አያት።

«ቤዝ ጊታር ትጫወቻለሽ?»

«ኧረ አልችልም።»

«እኛስ መቼ ቻልን?»

ሳቀች። በቃ፣ እዚያው ልቧ ሄደ፤ ቤዝ ጊታሩንም ተቀበለች። የባለጊታሩ ስም ታንጊ ነው፤ አባቱ ካንካል በሚባል ባሕር ዳርቻ የሚበላ ዛጎል ያረባሉ። ዘፋኙ ኤርቬ ይባላል። ከበሮ መቺ ስላጡ ከበሮውን ለማሽን ሰጥተው፣ ቡድናቸውን «እርጥብ ካልሲ» አሉት።

እንግዲህ ፓንክ የሚሉት የአመፅ ሙዚቃ ልጆች ናቸው፤ አለቃ አይወዱም፣ ሕግ የሚባል አይወዱም። አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ውል ቢልክላቸው ሳንድዊች ጠቀለሉበት። ማንኛውም ነገር የሚወሰነው ሦስቱም እጅ ሲያወጡ ነው፤ አንድ እጅ ከጎደለ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ቀን ኤርቬ ጨሶ መጣ። የቀድሞ ባንዱን ያፈረሰበት የሁለት ፍቅረኞች ጠብ ትዝ ብሎት ነው።

«በዚህ ባንድ ውስጥ ፍቅር ክልክል ይሁን» አለ።

አኒክ ታንጊን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እጁ ወጥቷል። ልቧ ስብር አለ። እልህም ያዛትና የራሷን አወጣች።

ከዚያ በኋላ ያልዞሩበት የለም። ከሊል እስከ ማርሴይ፣ በየምድር ቤቱና ወጣቶች ሰብረው በገቡበት ባዶ ቤት ሁሉ ተጫወቱ። ካሴታቸው ከእጅ እጅ እየተገለበጠ ስማቸው ናኘ። አኒክ በአሮጌ መኪናቸው ውስጥ የተኛች መስላ ስንት ጊዜ የታንጊ ትከሻ ላይ ተደገፈች። እሱም ትከሻውን አንድ ቀን እንኳ አልነቀነቀም፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ኋላ የኤርቬ ጉሮሮ ታመመ። ሐኪሙ «ወይ መጮህ ተው፣ ወይ ዱዳ ሁን» አለው። ሌላ ዘፋኝ ማን ሊፈልግ? ሬን ላይ የስንብት ዝግጅታቸውን አቅርበው፣ ሰው አልቅሶ፣ ባንዱ ፈረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ይጭናሉ። ታንጊ ወደ አባቱ ሊሄድ ነው። ዛሬ ካልተናገረች አመለጣት።

«ስብሰባ እጠራለሁ» አለች አኒክ።

«ባንዱ እኮ ትናንት ሞተ» አለ ኤርቬ በሹክሹክታ።

«ሕጉ ግን አልሞተም። ይሻር እላለሁ።» እጇን አወጣች።

«የምን ሕግ?»

«የፍቅሩ ነዋ። ስንት ሕግ አለን?»

ድምፅ ማጉያውን የተሸከመው ታንጊ ባለበት ቆመ።

«ያን ቀን አንቺም አውጥተሽ የለ?» አላት።

«አንተ ስላወጣህ ነዋ።»

«እኔማ ኤርቬ አሳዝኖኝ ነው። አንቺ አታወጪም ብዬ ነበር። አንድ እጅ ቢጎድል ይቀር የለ? ስታወጪ ጊዜ፣ አይ፣ ይቺ ልጅ አትፈልገኝም አልኩ።»

ኤርቬ ሁለቱንም በየተራ አያቸው።

«እኔ እኮ በማግስቱ ረስቼዋለሁ። የአገሩን ሕግ በየመድረኩ ስትረግሙ ከርማችሁ፣ እኔ በንዴት የተናገርኩትን ታከብራላችሁ? እናንተን ብሎ ፓንክ።»

አኒክ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ለካ ይወዳት ነበር። ያን ሁሉ መንገድ አብሯት ሲንከራተት ይወዳት ነበር። እፎይ አለች፤ ደረቷ ላይ የተጫነው ሁሉ ተነሣላት።

ታንጊ ማጉያውን አስቀምጦ እጁን አወጣ። ኤርቬም አወጣ። ሕጉ በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

አኒክ ግን እጇን ማውረድ ረስታለች። ታንጊ ጠጋ ብሎ ያዘና ቀስ አድርጎ አወረደላት። ካወረደው በኋላም አልለቀቀውም።

የቀረውን ዕቃ ኤርቬ ብቻውን እያጉረመረመ ጫነው።