የእማዬ አስተርጓሚ

«አላስመለሰኝም በይው» አለች እማዬ፣ አይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል።

ትርሲት ዞር ብላ አየቻት። ጠዋት የትውከቱን ባልዲ ያጠበችው ማን ሆነና!

አማርኛ የማያውቀው የሆስፒታሉ ወጣት ዶክተር ሙጠሊብ መልስ ይጠብቃል። በፈረንሳይኛ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ አስመልሷታል ወይ? ፈስ ይወጣታል ወይ? ሁለተኛውን ለእናቷ ስትተረጉም ትርሲት ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። በአስራ አራት ዓመት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

«ምን ዓይነት ብልግና ነው!» አለች እናቷ የውብዳር። «ደህና ናት በይውና እንሂድ። እሁድ ካልገባሁ ማዳም ሌላ ሠራተኛ ታመጣለች።»

ትርሲት ማዳምን ታውቃታለች። አምና እናቷ ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ጥገና ስታስወጣ፣ በአስራ ሁለተኛው ቀን የማዳምን ወለል ትወለውል ነበር። ቁስሉ ከላይ ድኗል። አሁን ግን ሆዷ ከተነፋ ሦስት ቀኑ ነው።

ዶክተሩ ሆዷን ጫን ሲያደርገው የውብዳር ከንፈሯን ነከሰች። እሱም ለትርሲት ቀስ ብሎ አስረዳት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ጠባሳ ሆድ ውስጥም ይፈጠራል፤ አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል። አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ ቤት መሄድ የለም፣ ትሞታለች።

የውብዳር ፈረንሳይኛዋ የወጥ ቤት ቢሆንም ጣልቃ ገባች። «ሳ ቫ ዶክተር፣ ሳ ቫ!» አለች፣ ደህና ነኝ ለማለት። ፈገግም አለች።

ትርሲት በዚያ ፈገግታ ንድድ አላት። ለማዳም የምታሳየው ፈገግታ ነበር።

«ኖን፣ ደህና አይደለችም!» አለች። ከዚያ በፈረንሳይኛ አንድ በአንድ ዘረገፈችው፦ ትናንት አራት ጊዜ፣ ዛሬ ሁለቴ አስመልሷታል፤ አረንጓዴ ነው። ፈስም ሰገራም ከሐሙስ ወዲህ የለም።

ዶክተሩ ብድግ ብሎ ነርሷን ጠራ።

«ምን አልሽው?» የውብዳር ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«እውነቱን።»

«እንጀራዬን ዘጋሽብኝ! አንቺን ብዬ አይደል እንዴ የምለፋው?»

«እኔን ካልሽ ኑሪልኝ!» አለች ትርሲት። «ስትድኚ ትቆጪኛለሽ።»

ነርሷ አልጋ እየገፋች መጣች። የውብዳር ጫፉ ላይ ተቀመጠች። «አልተኛም በያት» አለች።

ነርሷ ትርሲትን አየቻት። ትርሲት ምንም አልተረጎመችም። ጎንበስ ብላ የእናቷን ጫማ ማውለቅ ጀመረች። የውብዳርም እግሯን አልሰበሰበችም።