ውሃ ያጠፋት ወፍ

«ለዚህ ነው ያስሮጥሽን? ባዶ ግድግዳ!» አለ ካርሚኔ፣ አንገቱን ወደ ጠባቧ መኝታ ክፍል አስግጎ።

ከክፍሏ ልጆች ጋር ለጉብኝት የመጣችው ኑንዚያ ተናደደች። ጣሊያን አገር ኤርኮላኖ ውስጥ እሳተ ገሞራ ቀብሯቸው ከነበሩት ጥንታዊ የሮማውያን ቤቶች ሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህን ነው፤ አባቷ ጌታኖ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀው ቤት። አዳራሹ መሃል የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የእብነ በረድ ገንዳ አለ። ከዚያ ወዲያ ቀይና ጥቁር የተቀባው የምግብ ክፍል፣ ቀጥሎ ይህች መኝታ ክፍል። እሳተ ገሞራው ያከሰለው የእንጨት አልጋ ዛሬም ጥጉን እንደያዘ ነው። ከአልጋው በላይ፣ ከአቧራው ሥር፣ በለስ የምትለቅም ወፍ ተስላለች። ያኔ እዚህ የምትተኛ ልጅ ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ይህችን ወፍ እንደነበር ኑንዚያ አትጠራጠርም።

«ቆይ፣ አሳይሃለሁ!»

አባቷ ሲያደርግ አይታለች። የድሮዎቹ ጠባቂዎች የወደዱት ጎብኚ ሲመጣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨት ያደርጋሉ፤ የደበዘዙት ባለቀለም ጠጠሮች ያኔ ቦግ ይላሉ። ጎብኚ እንዳያልፍ የተዘረጋውን ገመድ ተሻገረችና የጠርሙሷን ውሃ ግድግዳው ላይ ደፋችው።

ወፏ ክንፏ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለች። «እመቤቴ!» አለ ካርሚኔ። መምህሯ ሲጠሯቸው እየሳቁ ሮጡ።

በሦስተኛው ቀን ጌታኖ ለምሳ ቤት መጣና ፓስታውን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ወፏ የለችም» አለ። «ውሃ ደፍተውባት ቀለሙ ተላጠ።»

«ማነው እንዲህ ያደረገ?» አለች እናቷ።

«የቅርሱ ቦታ ኃላፊዋ እኔን ነው የጠረጠረችው። ‹እናንተ የድሮዎቹ ውሃ መርጨት አይለቃችሁም› አለችኝ። ምን ልበል? ወለሉን ስረጭ ስንቴ ይዛኛለች! ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ትኬት ቀዳጅ ነኝ።»

«ግድግዳ ረጭተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ይችለዋል። ግድግዳውን ግን የኔ ልጅ እንኳ አትነካውም፤ ጠይቂያት!»

ኑንዚያ ሹካዋን አስቀመጠች። «አባዬ...»

«ብይ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላች። ካርሚኔ ስልኳ ላይ «አይዞሽ፣ ማናችንም ትንፍሽ አንልም» ብሎ ጽፎላት ነበር፤ ሳትመልስለት ቀረች።

በማግስቱ በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት ከአባቷ ጋር ገባች። ግድግዳው ላይ የቀረው የበለሱ ቅጠልና የወፏ አንድ እግር ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ውሃው ከግድግዳው ያወጣው ነጭ ጨው ነው። ቢያንስ አንድ ጊዜ አባቷን ጠይቃ ቢሆን ኖሮ! ሁለት ሺህ ዓመት የቆየችውን ወፍ እሷ ካርሚኔን አንዴ «እመቤቴ!» ለማሰኘት አጠፋቻት።

ጌታኖ መጥረጊያውን ይዞ አዳራሹን ይጠርጋል። የመጨረሻ ሳምንቱ ስለሆነ ይመስላል፣ የተጠረገውን መልሶ ይጠርጋል።

«አባዬ፣ ኃላፊዋ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?»

«ሦስት ሰዓት። ምነው?»

ኑንዚያ ያን ቀን ውሃውን የደፋችበትን ባዶ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች። አባቷ ጠርሙሱን አየ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን። መጥረጉን አቆመ።

«ትምህርት ቤት ይረፍድብሻል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይርፈድ» አለችና ኃላፊዋን ልትጠብቅ የቢሮዋ መንገድ የሚታይበት ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።