አራተኛዋ ዳዶ

የመኪናዋ ኮፈን ሲነሳ ካርቡራተሩ የለም።

ባሂራ ዓይኗን አላመነችም። እጇን ሰደደች። ጠዋት ካርቡራተሩ ተቀምጦበት የነበረውን ቦታ ስትዳስስ የነካችው ጨርቅ ነው። ለአራት የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ፣ አቧራ እንዳይገባ የሞተሩን አፍ ሸፍኗል። ከጎኑ ካርቡራተሩን ይዘው የነበሩት አራት ዳዶዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። አንዳቸውም አልተጫሩም።

"ጋሽ ሸምሶ፣ እስኪ ይምጡ።"

ሽማግሌው መካኒክ የውሃ ጀሪካን እንደያዙ መጡ። አዩ። ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ያ ረቢ!" አሉ።

ዓርብ ነበር። ሞተሩን ለማስነሳት የተቀጠረው ቅዳሜ ቢሆንም ጋሽ ሸምሶ ለሶላት ሲወጡ፣ "ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ይሁን፣ በረካ አለው" ብለው ቀኑን አሳጠሩት። መኪናዋ ድምፅ ካሰማች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ከስልሳ ዓመት በፊት አሜሪካ የተሠራች ረጅም ስቴሽን ዋገን ናት። ለጤና ሥራ የመጡ ፈረንጆች ትተዋት ሲሄዱ የባሂራ አባት አብዱልሃፊዝ ገዛት። ከመስቃን በርበሬ ይጭንባት ነበር። በዚያው ወለል ላይ ደግሞ ፍራሽ አንጥፎ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ያደርስባታል። የመጨረሻው መቀመጫ ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ባሂራ ልጅ ሆና የቡታጅራን መንገድ ሁሉ ያወቀችው ከጀርባው፣ እየራቀ ሲሄድ እያየች ነው።

አባቷ ሲሞት መኪናዋ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀረች። ዶሮዎች እንቁላል ጣሉባት። ባሂራ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ተምራ ስትመለስ ጎትታ አወጣቻት፤ ጋሽ ሸምሶ ጋራዥ አስገባቻት። አራት ዓመት አብረው ለፉባት። ያልተገኘው ቤንዚንና አየር ደባልቆ ሞተሩን የሚመግበው ካርቡራተር ብቻ ነበር። በመጨረሻ በኢንተርኔት ሄንድሪክ የሚባል ሆላንዳዊ ጡረተኛ አገኘች፤ እሱም የሷን ዓይነት መኪና በከብቶቹ በረት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መለዋወጫ ብሎ ያስቀመጠውን አውጥቶ ላከላት። "ዋጋው፣ ስትነሳ ድምጿን መላክ ነው" ብሎ ጻፈ።

ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ወልቂጤ የቴክኒክ ምርመራ ቀጠሮ አላት። ካለፈች መንገድ ላይ ትወጣለች። ካላለፈች ታርጋዋ ይሰረዛል።

ፖሊሱ ሳጅን ገብረእግዚአብሔር ተደውሎለት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ አሥራ አምስት ዓመት የኖረ፣ ሲጠይቅ ሰው ሳይሆን ዕቃ ዕቃውን የሚያይ ሰው ነው።

"በሩ አልተሰበረም።"

"በሽቦ ነው የምናስረው" አለች ባሂራ።

"እናም ማንም ይገባል። ይቺን መኪና አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ነበር?"

ባሂራ እያመነታች፣ "ሰማን" አለች። ሰማን አሮጌ ብረት ገዢ ነው። መኪናዋን ሽጪልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል።

ሰማን ተጠርቶ እየሳቀ መጣ።

"ሳጅን፣ እኔ ብረት የምገዛው በኪሎ ነው። ይቺ ዕቃ ሦስት ኪሎ አትሞላም። ስሰርቅ ሞተሩን ትቼ እሷን?"

"ቀትር ላይ የት ነበርክ?"

"አገና ገበያ። አሁን ገና መግባቴ ነው። ሾፌሩን ጠይቀው፣ ረዳቱን ጠይቀው፣ መንገድ ላይ ያስቆመንን የናንተኑ ሰው ጠይቀው።" ወደ ሞተሩ አንገቱን አሰገገ። "ደግሞ እኔ ብሆን ዳዶ ደርድሬ አልሄድም። ዳዶውም ብረት ነው!"

ሳጅኑ ስልክ ደውሎ አጣራ። እውነት ነበር። ሰማን ሄደ፤ ንግግሩ ግን ሳጅኑ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

"ዳዶውም ብረት ነው" ብሎ ደገመና ጨርቁን በጣቱ ነካ። "ይሄ ሌባ መኪናዋን ይወዳታል።"



"ጋሽ ሸምሶ፣ እነዚህ ዳዶዎች በምን ይፈታሉ?"

"በግማሽ ኢንች ቁልፍ።"

"ቡታጅራ ውስጥ የኢንች ቁልፍ ያለው ማነው?"

"እኔ።" ሽማግሌው በሸራ የተጠቀለሉ ቁልፎቻቸውን አሳዩ። "ያገሩ መኪና ሁሉ የጃፓን ነው፤ የሚፈታው በሚሊ ሜትር ነው። እነዚህን ፈረንጆቹ ሲሄዱ ለኔ ተዉልኝ።"

"በሌላ ቁልፍ ቢፈታስ?"

"የአስራ ሁለት ሚሊ ሜትሩ አይገባም፤ የአስራ ሶስቱ ሰፍቶ ይልጠዋል። ጠርዙ ይበላል።"

"አንዱም አልተላጠም። አራቱም በግማሽ ኢንች ነው የሚፈቱት?"

ጋሽ ሸምሶ ባሂራን አንዴ አዩዋት። ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

"አራቱም።"

ባሂራ አንገቷን ደፋች። 

"ከሶላት ቀድሞ የተመለሰ ማነው?"

"እኔ።"

"ብቻዎን?"

"ብቻዬን። ግን አልወሰድኩም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ማን ወሰደው?"

"ያላየሁትን አልናገርም።"

  ሳጅኑ በትሕትና፣ ግን ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ጎረቤት ያለው፣ ብረት በማሽን የሚቀርጸው የቶርኖ ቤት ባለቤት ግሩም ሽርጡን እንደታጠቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አርባ ዓመት የከተማውን መኪና የጠገኑ እጆች ወደ ኋላ ተጣምረው ሲሄዱ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ጋሽ ሸምሶ በሩ ላይ ዞር አሉ።

"ባሂራ፣ ሞተሩን መልሰሽ ሸፍኚው። አቧራ ይገባል።"

ቅዳሜ ጠዋት ባሂራ ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ጣቢያው ልትሄድ ነው። መታወቂያዋን ፍለጋ ቦርሳዋን አልጋ ላይ ገለበጠችው። ማበጠሪያ ወደቀ። ደረሰኝ ወደቀ። ከዚያ ከባድ ነገር ዱብ አለ።

የአስራ ሶስት ሚሊ ሜትር ቁልፍ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ሸምሶ ለቅሶ ሄደው ብቻዋን ካርቡራተሩን ስትገጥም፣ አራተኛዋን ዳዶ አጥብቃ አጥብቃ ብሎኑን ሰበረችው። ስልሳ ዓመት የኖረ ብሎን። አለቀሰች። ከዚያ ሮጣ ግሩም ዘንድ ሄደች። ግሩም በኢንች ልክ የብሎን ጥርስ ማውጫ ስላልነበረው በሚሊ ሜትር አዲስ ብሎን ቀርጾ ተከለላት፤ ዳዶዋም እንደዚያው የጃፓን ሆነች። በአስራ ሶስት ቁልፍ የምትፈታ።

"ለጋሽ ሸምሶ እንዳትነግርብኝ፣ ግሩሜ።"

"እኔ አፍ የለኝም" ብሎ ሳቀ።

ጋሽ ሸምሶ መኪናዋ አጠገብ አስራ ሶስት ቁልፍ ቢያዩ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጋራዡ ያለችውን አንዲት አስራ ሶስት ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀቻት። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ብድግ አለች።

"ሳጅን፣ አንዷ ዳዶ በግማሽ ኢንች አትፈታም" አለች ጣቢያ እንደደረሰች። ፊቷ ጋለ። "እኔ ነኝ ብሎኑን የሰበርኩት። ደብቄ አስቀየርኩት።"

ሳጅኑ ቁልፉን ተቀብሎ አገላበጠ።

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩ።"

"ሽማግሌው ታስረው አንቺ ታፍሪያለሽ?"

ባሂራ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሳጅኑ ቁልፉን ከምሳ ዕቃው ጎን አኖረ። "ጋሽ ሸምሶ በግማሽ ኢንች ሞክረው እምቢ ሲላቸው፣ ወጥተው አስራ ሶስት ተውሰው ቢሆንስ?"

"ከማን? ለዚያ ግቢ ቅርቡ የግሩም ቶርኖ ቤት ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ የመጣው ሰው አንዷ አስራ ሶስት መሆኗን አውቆ ቁልፉን ይዞ ነው የመጣው ካልን፣ ያንን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እኔና ብሎኑን የሠራው።"

ቶርኖ ቤቱ ክፍት ነው፤ ማሽኑ ግን አይሠራም። ባሂራ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም።

"ግሩም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ" አለ ሳጅኑ። "ትናንት ጋሽ ሸምሶ አስራ ሶስት ቁልፍ ከአንተ ተውሰው ነበር?"

"አዎ" ቢል በቃ፣ ጥፋቱ ጋሽ ሸምሶ ላይ ይጸናል። አንዲት ቃል ናት።  ግሩም ያልቆሸሸ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

"አልተዋሱኝም።"

"አስታውስ እስኪ።"

"ጋሽ ሸምሶ ከኔ ምንም አልተዋሱም።"

ባሂራ ግድግዳውን እያየች ነበር። ቁልፎቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ በተራ ተሰቅለዋል፤ ሁሉም በግሪስ ጠቁረዋል። የአንዱ አፍ ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። አወረደችው። አስራ ሁለት ይላል። ሲመጡ ከጋራዡ ካነሳቻቸው ሦስት ነባር ዳዶዎች አንዷን ከኪሷ አውጥታ አፉ ውስጥ ከተተቻት።

ልክክ አለች።

"ግሩሜ" አለች፣ "አስራ ሁለቱን አፉን በሞረድ ያሰፋው ማነው?"

ግሩም በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

"ዛሬ ልመልሰው ነበር።"

ተነስቶ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ሸራ ገለጠ። ሁለት ካርቡራተሮች። አንዱ ተፈታቶ ክፍል ክፍሉ ቁጥር በተጻፈበት ወረቀት ላይ ተዘርግቷል። ሌላው ሙሉ ነው፤ የሚያበራ አሉሚኒየም፣ የቶርኖው መስመር ገና ያልጠፋበት።

"ሁለት ዓመት" አለ ግሩም። "ትሠራዋለህ ወይ ስትዪኝ እሠራዋለሁ አልኩ። ሰባት ጊዜ አቅልጬ አፈሰስኩ። ስምንተኛው ያዘልኝ፤ ግን ቤንዚኑን ያንቃል። ከዚያ የሆላንዱ በፖስታ መጣ። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?"

ባሂራ አስታወሰች። 

"'ግሩሜ፣ ተገላገልክ' አልሽኝ።"



"መስረቅ አልፈለግሁም። ቤንዚን የምታልፍባት ቀዳዳ ስፋቷ ስንት እንደሆነ ለማየት ነው። የምታስነሱት ቅዳሜ ነው ብላችሁ ነበር። ዓርብ ለክቼ፣ ቅዳሜ ሳትመጡ ልመልስ።"

"ለምን ጠይቀህ አልወሰድክም?" አለ ሳጅኑ።

"ያልቻለ ሰው ነው የሚጠይቅ መስሎኝ።"

"ሽማግሌውን ስወስዳቸው በርህ ላይ ቆመህ ነበር።"

"ቆሜ ነበር።"

"አፍ አልነበረህም?"

"ነበረኝ። ስሜ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።"

"የሳቸው ጠፋ" አለ ሳጅኑ።

ግሩም ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። ባሂራ ልትቆጣ ፈለገች፤ አልሆነላትም። እሷም ትናንት አፏን ዘግታ እንደዋለች ታውቃለች።

ጋሽ ሸምሶ ከጣቢያው ሲወጡ ኮፍያቸውን አራግፈው አጠለቁ። የወሰደው ግሩም መሆኑን ሰሙ።

"እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው" አሉ በመጨረሻ። "በመጪው ዓርብ ሰው ከሶላት ሲወጣ ግሩም መስጊዱ በር ላይ ቆሞ በአፉ ይናገር። ዕቃውንም ራሱ ይግጠም።"

"መዝገቡን ግን አልዘጋም" አለ ሳጅኑ። "ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።"

"ይሂድ። እኔ የምፈልገው ስሜን ነው።"

ዓርብ ግሩም ቆመ። ድምፁ መጀመሪያ አልወጣም።

"አልተሰማም!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰማን ነበር።

"የወሰድኩት እኔ ነኝ!" አለ ግሩም ጮክ ብሎ። "ጋሽ ሸምሶ ንጹሕ ናቸው። ሲወስዷቸው እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ሸምሶ በሰዉ መሃል አልፈው እጁን ያዙት። "በል ና" አሉት፣ "ሥራ አለን።"

ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ ካርቡራተሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሆላንዱ መልሶ ተገጣጥሟል። የግሩም ሥራም የቤንዚን ቀዳዳው ተስተካክሏል።

"ሩብ ሚሊ ሜትር ነበር የሳትኩት" አለ ግሩም ቀና ብሎ ሳያይ።

"የትኛው ይግባ?" አሉ ጋሽ ሸምሶ።

ባሂራ አላመነታችም። "የግሩም።"

ግሩም ሞተሩ ላይ አስቀመጠው። ጋሽ ሸምሶ ማጥበቁን ለራሳቸው ወሰዱ። በግማሽ ኢንች አንደኛዋን። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። ከዚያ ግማሽ ኢንቹን ሸራው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከሞተሩ ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ባሂራ ዘረጉ።

"አስራ ሶስት አቀብዪኝ።"

 ባሂራ ስለ ብሎኑ እስካሁን አልነገረቻቸውም። ለሳጅኑ እንጂ ለሳቸው አፏ አልፈታ ብሏት፣ ዛሬ ነገ ስትል ሳምንት አልፏል።

"ግሩም ነገረዎት?"

"እሱ አፍ የለው። ረቡዕ ዕለት መጥበቃቸውን ልይ ብዬ ቁልፌን ሳስገባ አንዷ እምቢ አለችኝ።"

"ታዲያ ሳጅኑ ሲጠይቅዎ... 'አራቱም' አሉት።"

"አንዷ አስራ ሶስት ናት ብል፣ ማን ለወጣት ይለኛል። የማውቀው አንቺን ብቻ ነው። በሌባ ዓይን ሊያይሽ ነው።" ዞረው አዩዋት። "ደግሞ አንቺ ለኔ ያልነገርሽኝን እኔ ለፖሊስ ልንገር?"

 ባሂራ ቁልፉን አቀበለቻቸው።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ አሳለ። በሁለተኛው ሰማያዊ ጢስ ተፋ። በሦስተኛው ያዘ፤ ግቢው ተርገፈገፈ፤ ጎረቤት ያሉ ዶሮዎች ተንጫጩ። ግሩም ጆሮውን ወደ ካርቡራተሩ አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ባሂራ ስልኳን ከፍ አድርጋ ድምጿን ቀዳችና ወደ ሆላንድ ላከችው።

ሰኞ ማለዳ ወደ ወልቂጤ ተነሱ። መሪው ላይ ባሂራ፣ ከጎኗ ጋሽ ሸምሶ። ግሩም ወደ ኋላ በሚያየው መቀመጫ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለውን የሄንድሪክን ካርቡራተር ለክፉ ቀን ታቅፎ ተቀምጧል።

"ሌላ ጊዜ ስትሰብሪ ንገሪኝ" አሉ ጋሽ ሸምሶ ዳገቱን ሲጀምሩ። "እኔ በዚች መኪና ላይ የሰበርኩትን ብዘረዝርልሽ ወልቂጤ እስክንደርስ አያልቅም።"

"ይንገሩኛ!"

ሳቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

አረቅጥን አልፈው ቁልቁል ወደ አገና ሲወርዱ ጋሽ ሸምሶ ከሰበሯቸው ገና ሦስተኛው ላይ ነበሩ።