በሽታዋን የሚያውቅ ሰው

ዘውዴ በገዛ ፒክአፑና በድንጋይ ካቡ መካከል ሞቶ የተገኘው ሰኞ ማለዳ ነው፤ የጣርማ በር ጉም ገና አልተገለጠም ነበር። ያየው ሁሉ ነገሩ ወዲያው ገባኝ አለ። አሮጌዋ የናፍጣ መኪና ብርድ ሲነካት አልነሳም እንደምትል መንደሩ ያውቃል። ስለዚህ ዘውዴ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ ጎማዋ ሥር የድንጋይ ታኮ አስገብቶ ያሳድራትና ጠዋት ታኮውን አንስቶ በግፊ ያስነሳታል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ተንሸራታ ቀደመችው፤ በቃ።

ጥፋተኛ ለማግኘትም ጊዜ አልፈጀም። መኪናዋን እሑድ ዕለት ሸዋ ሮቢት ላይ የሠራት መካኒኩ ነጅሙዲን ነው። «ከእንግዲህ በብርድም ትነሳለች» ብሎ የለ! የሟች ሚስት ትርንጎ ስሙ ሲነሳ ፊቷን አዞረች፤ ወንድሟ ሰለሞን ጠዋት መኪናዋ አልነሳም ስትል መስማቱን ተናግሮ ፈረመ። ነጅሙዲን ታሰረ፤ ጋራዡም ተዘጋ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ደብሪቱ የከባድ መኪና ሾፌር ልጅ ናት። ሁሉም ሰው ወዲያው የገባው ነገር እሷን እንቅልፍ ይነሳታል። መኪናዋን ማንም እንዳይነካት አዘዘች። ከዚያ ሃያ እርምጃ ወደ ላይ ወጥታ፣ መኪናዋ ባደረችበት ቦታ የቀረውን ታኮ በእግሯ ገለበጠችው። ከሥሩ ያየችውን ለማንም ሳትናገር ድንጋዩን አስጠቀለለችው።

መጀመሪያ የጠየቀችው የዘውዴን ግቢ ዘበኛ ነው።

«ጋሼ ንጉሤ፣ መኪናዋን ሁልጊዜ የሚገፉት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«ትከሻዬ ይመስክር ልጄ! ትናንት ማታ ግን ‹ድናለች፣ ነገ አትገፋም› አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዛሬ ንጋት ላይ ኪዳን ላደርስ ሄድኩ።»

«ከዳነች ለምን ቁልቁል አቆማት?»

«ልማድ ነዋ! እግሩ የዳነ ሰውም ለጥቂት ቀን ማነከሱ አይቀርም።»

ሰለሞን ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ጋቢውን አጥብቆ እየተከናነበ መለሰላት።

«ሦስት አራት ጊዜ ሞከራት። ማስነሻ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ እሷ እምቢ አለች። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ወዲያው ግጭት ሰማሁ።»

«ለጥገና መውረዷን ታውቅ ነበር?»

«ገበያ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ነው የሰማሁት። ደሞስ የሮቢት መካኒክ ስለ ብርድ ምን ያውቃል? እዚያ ሙቀት ላይ እንኳን መኪና ድንጋይም ይነሳል!»

ደብሪቱ ሳቀች፤ አባባሉ እውነትነት ነበረውና ትንሽ አሳሰባትም። ሸዋ ሮቢት ወርዳ እስረኛውን አገኘችው።

«ከአራቱ ማሞቂያ ካንዴላ ሦስቱ ተቃጥለው ነበር» አለ ነጅሙዲን። «እነሱ ካልጋሉ ናፍጣው በብርድ አይነድም። እዚህ ቆላ ግን ያለ እነሱም ትነሳለች፤ መካኒኩ ሁሉ ‹ጤነኛ ናት› እያለ የሚመልሳት ለዚያ ነው። አራቱንም ቀየርኩ። ወላሂ አንድ በአንድ በባትሪ አግልቼ ነው ያየኋቸው!»

«ብርድ ላይ ሞክረሃታል?»

«ብርድ ከየት ላምጣ፣ ኢንስፔክተር? ካልተነሳችማ ሰው ገድያለሁ ማለት ነው። ከእንግዲህ መፍቻ አልጨብጥም።»

«ሌላስ የነካኸው ነገር አለ?»

«የለም። የተሰበረውን የፊት መብራት ልቀይርለት ስል ‹ተወው፣ ሰኞ ፖሊስ ያየዋል› አለኝ።»

የደብሪቱ እስክሪብቶ ቆመ።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መኪናዋ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ሌሊት ሳትነካ ያደረችው ፒክአፕ መስታወቷ ውርጭ ለብሷል። ትርንጎ በጥቁር ልብሷ፣ ሰለሞን በጋቢው፣ ነጅሙዲን በካቴና ቆመዋል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ጋሼ ንጉሤ፣ እጃቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ።

ደብሪቱ ካቴናውን አስፈትታ ከሟች ኪስ የተገኘውን ቁልፍ ለነጅሙዲን ሰጠችው። እሱም ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ቁልፉን አስገባ። ግማሽ አዙሮ ጠበቀ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ የማሞቂያ መብራት በርታ ጠፋች።

«ቢስሚላህ» አለና አዞረ።

ሞተሪኖው አንዴ ጮኸ። መኪናዋ ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሳች።

ነጅሙዲን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ደብሪቱ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«በዚህ ብርድ በአንድ ሙከራ የተነሳች መኪና ሰኞ ለምን እምቢ ትላለች? ዘውዴ እኮ ጭራሽ አልሞከራትም፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቁልፍ ኪሱ ከቶ በግፊ የሚያስነሳ ሾፌር አይቼ አላውቅም። ታኮው ደግሞ ከሥሩ ደም ነበረበት፤ ሬሳው ግን ከዚያ ሃያ እርምጃ ወደ ታች ነው የተገኘው። ሐኪሙም ምቱ ከኋላው ነው ብሏል። አንድ ሰው ዘውዴን በታኮው መትቶ እዚህ አስተኛው፤ ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀና በግፊ ሲያስነሳ የሞተ አስመሰለው። ይህን ያሰበ ሰው የመኪናዋን በሽታ ያውቃል፤ መዳኗን ግን አልሰማም። ጋሼ ንጉሤ ሰምተዋል። ትርንጎ፣ አንቺስ?»

«እሑድ ነገረኝ» አለች ትርንጎ። «‹ለሰለሞን እንዳትነግሪው› አለኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።»

«እኔ ልንገርሽ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀወት ላይ አንድ ሽማግሌ በመኪና ተገጭተው ሞቱ፤ የገጨውም አመለጠ። መንገዱ ላይ የቀረው ስባሪ መስታወት ከዚህ መብራት ጋር ገጥሟል፤ ዘውዴም ሰኞ መኪናዋን ነድቶ ይህን ለፖሊስ ሊያሳይ ነበር። ሽማግሌው በተገጩበት ቀን መኪናዋን የተዋሰው ማነው?»

ትርንጎ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። ሰለሞን ካቡ ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ሳምንት ብቻ ታገሠኝ አልኩት» አለ። «‹የሞቱትም ልጆች አሏቸው› ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«አልሰማሁም» አለች ትርንጎ። «እኔ አይደለሁም በለኝ።»

ሰለሞን ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ ነጅሙዲን ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«አታጥፋት፣ ወንድሜ» አለችው ትርንጎ፤ ከሰኞ ወዲህ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «ትንሽ ትቆይ። ዘውዴ በብርድ ስትነሳ ሳይሰማት ነው የሄደው።»

ነጅሙዲን እጁን መለሰ።