ከሙታኑ ተራ የወረደው ሥዕል

ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ ግማሹን ውዳሴ እሱ ይወስድብኝ ነበር።

የመጀመሪያዬ ዐውደ ርእይ ሊከፈት አንድ ቀን ቀርቶታል። አክስቴ ዊኪቶሪያ ሥዕሎቼን በመኪናዋ ጭና ዋንጋኑይ ከተማ ያለው ጋለሪ ድረስ አመጣቻቸው። የሚሰቅላቸው ፈርገስ ነው፤ ከደቡብ የመጣ የፓኬሃ ልጅ፤ እኛ የአገሩ ነባሮች ማኦሪዎች ነጮቹን እንዲህ እንላቸዋለን። ሚስማር ከመምታቱ በፊት ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። የሌሎችን ሥዕል ሲሰቅል ይህን ቆሜ ሳይ፣ ቤት ስንት ቀለም እንደደረቀብኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ስደርስ ሥራውን ጨርሷል። ቅድመ አያቴ፣ አጎቴ፣ አባቴ። ከአባቴ ቀጥሎ የፈርገስ የራሱ ሥዕል።

ያንን ሥዕል ቤት ደብቄው ነበር።

«አውርደው» አልኩት።

«ምነው፣ ጠመመ እንዴ?»

«የጠመምከው አንተ ነህ። እዚያ ተራ ላይ ያሉት ሁሉ ሞተዋል። እኛ ማኦሪዎች በሕይወት ያለ ሰው ሥዕል ከሙታን ጋር አንሰቅልም። ራስህን በገዛ እጅህ እየቀበርክ ነው።»

ፊቱ ነጣ። መሰላሉን ወጥቶ አወረደውና ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ።

«ሁሉም የሞቱ መሆናቸውን አልነገርሽኝም፣ ንጋሬታ።»

«ለማንም አላብራራም።»

«ይሁን። ግን ሙታንን የምትስዪ ከሆነ፣ እኔን ለምን ሣልሽኝ?»

ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል። «ሸራ ተርፎኝ ነው» ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር፤ አምኖኝም መሰላሉን አጥፎ ይሄድ ነበር።

ጥግ ላይ ስትታዘበን የቆየችው አክስቴ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ፣ «መኪናው ላይ ቦታ ስለነበር የእሱንም ሥዕል ጫንኩት» አለች። «መልሺለት እንጂ ልጄ፣ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀሽ።»

«አባቴን የሣልኩት ከሄደ በኋላ ነው» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። «አንድ ሰው እንኳ ሳይሄድብኝ ልየው ብዬ ነው።»

ፈርገስ ሥዕሉን እንዳቀፈ ወደ ማዶው ባዶ ግድግዳ ተሻገረ።

«እዚህ ብሰቀልስ?»

«እዚያ ብቻህን ነህ።»

«አንቺ መጥተሽ ታዪኛለሽ።»

በማግስቱ ጋለሪው በሰው ሞላ። አንዲት ባለባርኔጣ ሴትዮ ስለ ሙታኔ አንድ በአንድ እየጠየቀችኝ ስትዞር ቆይታ ማዶው ግድግዳ ጋ ደረሰች።

«ይሄኛውስ መቼ ነው ያረፈው?»

«ገና ነው» አልኳት፣ የፈርገስን እጅ እንደያዝኩ።