የእትዬ ክፍል

ይህ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን አያምን... ለማሳመን ጉልበት የለኝም። ያለኝ ንዴት ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

እናቴ ከሕመሟ እንድታገግም ብዬ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ በመኪናዬ ወሰድኳት። ያረፍነው ድሮ የአንድ ባለጸጋ መኖሪያ በነበረ፣ አሁን ሆቴል በሆነ ጥንታዊ ቤት ነው።

ቤቱ የራሱ ደንብ አለው። ክፍሎቹ ቁጥር የላቸውም። እንግዳ የሚጠራው ድሮ በዚያ ክፍል ይኖር በነበረው ሰው መጠሪያ ነው። ለእናቴ ፎቁ ላይ ያለው የቤቱ እመቤት ክፍል ደረሳት።

"እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ እንግዳ ተቀባዩ፣ እጅ እየነሳ።

"የራሷ ስም አላት እኮ!" አልኩት።

"ተይው ባክሽ፣ ዝም አይነቅዝም" አለች እናቴ እየሳቀች። "አንድ ቀን እመቤት ብባል ምን አለበት?"

እኔ ግን አንጀቴ አረረ። በእናቴ ሲቀለድ አልወድም።

ከመኪናው ሻንጣ ይዤ ስመለስ... እናቴ መስታወት ፊት ተቀምጣለች። የሆቴሉ አልጋ አንጣፊ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። 

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እትዬ አዘውኝ ነው..." አለችኝ በሹክሹክታ።

እናቴ ሰው ማዘዝ አታውቅም። ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት።

"እማዬ?"

በጣቷ ለአልጋ አንጣፊዋ «ቀጥዪ» የሚል ምልክት ሰጠቻት።

"እማዬ!"

በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ አልጋ አንጣፊዋ ዞረች።

"ይቺን ደግሞ ማን አስገባት?"

ደሜ ፈላ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ የእንግዳ ተቀባዩን ኮሌታ ጨመደድኩ።

"ላይ ያለችውን ሴትዮ አምጣልኝ! አሁኑኑ ይዣት እሄዳለሁ!"

ፊቱ አመድ መሰለ።

"እናትዎን ነው..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወይስ እትዬን?"

"ማንም ትሁን! አምጣት አልኩህ!"

ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

"እሺ... እርስዎ ካሉ" አለ። እፎይ ብሎ ሲተነፍስ ሰማሁት።

እናቴ ቀጥ ብላ ወረደች። መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ከግቢው እንደወጣን ሠራተኞቹ ተሯሩጠው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ምን አስቸኮላቸው? እየተናደድኩ በመኪናው መስታወት ወደ ኋላ አየሁ።

ፎቁ ላይ፣ በመስኮቱ... አንዲት ሴት በሁለት እጇ መስታወቱን ትደበድባለች። አፏ ተከፍቷል። ድምፅ የለም።

እናቴ ናት።

ፍሬን ረገጥኩ።

አንድ ቀዝቃዛ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ።

"ማን ቁሚ አለሽ?"